የጆሮ ማዳመጫ በምን ይመረጣል? ስለ ድምፅ ጠባይና ስለ ጫጫታ መከላከል ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

ቡና የሚነግድ ሰው ጆንያው ስላማረ ወይም በላዩ የተጻፈው ስም ስለ ገነነ ብቻ ገንዘቡን ቈጥሮ አይከፍልም። አስቀድሞ ጥሬውን በመዳፉ ዘግኖ ያያል፤ ቀጥሎም ተቈልቶና ተፈልቶ በቀማሽ ምላስ እንዲፈተን ያደርጋል። የጤፍ ነጋዴም ሳይዘግን፥ የቅቤ ነጋዴም ሳያሸት ዋጋ አይቈርጥም። ነገር ግን ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በዞረ ጊዜ የአባቶቹን ልማድ ትቶ በካርቶን ላይ የታተመውን ቃል አምኖ የሚገዛበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነዚህም ዕቃዎች መካከል የጆሮ ማዳመጫን ያህል ካርቶኑ ከውስጡ የሚለይበት ዕቃ ጥቂት ነው።

ዕቃው ትንሽ ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን የእጅ ስልክ በየሰዉ ኪስ ከገባ ወዲህ የጆሮ ማዳመጫ ከቅንጦት ዕቃነት ወጥቶ ለተማሪውም፥ ለመንገደኛውም፥ ለቢሮ ሠራተኛውም እንደ ጫማ የሚሸጥ ሆኗል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከብዷል፤ ገዢውም በዚያው መጠን ጠያቂ ሆኗል። ቀድሞ ያልተስማማውን ማዳመጫ በመሳቢያ ጥሎ ዝም ይል የነበረ ደንበኛ ዛሬ ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል።

እኔም ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት “ጫጫታን የሚያጠፋ” የሚል ቃል በትልቁ የታተመበትን የጆሮ ማዳመጫ ሦስት መቶ ፍሬ አስመጥቼ በሱቄ ደረደርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሽያጩ ደስ የሚያሰኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዕቃውን ከነካርቶኑ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፥ “ጋሼ፥ የአውቶቡሱ ሞተር እንዳለ ይሰማኛል፤ ምኑን ነው የሚያጠፋው?” አለኝ። ተበላሽቶበት ይሆናል ብዬ ሌላ ሰጠሁት። እርሱንም በማግሥቱ መለሰው። ከዚያ በኋላ ተመላሹ በዛ፤ የሠራተኞቼም ፊት ጠቈረ።

ለላኪው ነጋዴ አቤቱታ ስጽፍለት የመለሰልኝ ቃል አጭር ነበር። ጫጫታው የሚጠፋው በማይክሮፎኑ በኩል ነው፤ ይኸውም ባለ ማዳመጫው በስልክ ሲነጋገር ከወዲያ ያለው ሰው የአካባቢውን ጫጫታ እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ለባለቤቱ ጆሮ ግን የሚፈጽመው አገልግሎት የለም አለኝ። ካርቶኑ አልዋሸም። ጫጫታው የሚጠፋው ለማን ጆሮ እንደ ሆነ ያልጠየቅሁት እኔ ነበርሁ። የቀረውን ዕቃ እውነተኛ ጠባዩን እየነገርሁ ከገዛሁበት ባነሰ ዋጋ ሸጥሁት። በስልክ ደንበኛ በማነጋገር ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ከዚያው ዕቃ ገዝተው ሲያመሰግኑት መስማቴ ግን ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገልኝ፤ ዕቃው መጥፎ አልነበረም፤ የተሸጠው ለማይሆነው ሰው ነበር።

ስለዚህ ማዳመጫን ለመምረጥ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው፥ ድምፁ ምን ዓይነት ጠባይ አለው? የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ በምን መንገድና ምን ያህል ይከላከላል? የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢሆኑም በሥራ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ በየቦታው እናያለን።

ስለ ድምፅ ጠባይ

የሰው ጆሮ በወጣትነቱና በጤናው ጊዜ በአንድ ሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል። የዚህ መለኪያው ሄርዝ ይባላል። ዕድሜ በገፋ መጠን የላይኛው ጫፍ እየተቈረጠ ይሄዳል። በአብዛኛው ካርቶን ላይ “ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ” ተብሎ የሚታተመው ቃል እንግዲህ የሰውን ጆሮ ወሰን የሚናገር ነው እንጂ አንዱን ዕቃ ከሌላው የሚለይ አይደለም። በርካሹም በውዱም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ከየት እስከ የት ይደርሳል የሚለው ሳይሆን፥ በዚህ ወሰን ውስጥ የትኛውን ክፍል ከፍ፥ የትኛውን ዝቅ አድርጎ ያሰማል የሚለው ነው። የድምፅ ጠባይ የምንለውም ይህንኑ ነው።

ለንግድ ሥራችን እንዲመቸን የድምፁን ወሰን በሦስት እንክፈለው። እስከ 250 ሄርዝ አካባቢ ያለው ወፍራሙ ድምፅ፥ ገበያው ባስ የሚለው ነው፤ ከበሮና ባስ ጊታር በዚህ ይገኛሉ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 4,000 ሄርዝ አካባቢ ያለው መካከለኛው ነው፤ የሰው ንግግርና ዜማ ፍሬው፥ የክራርና የማሲንቆም ዋነኛ ድምፅ በዚህ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ሲሆን የጸናጽል ጥራት፥ እንዲሁም በንግግር ውስጥ የ“ስ” እና የ“ሽ” ፉጨት የሚሰማው በዚህ ክፍል ነው። ወሰኖቹ በግምት የተቀመጡ ናቸው፤ ድምፅ እንደ እርሻ በድንበር ድንጋይ አይከለልም።

አሁን ማዳመጫዎቹን እንያቸው። ሦስቱን ክፍሎች ሳያዳላ የሚያሰማው ሚዛናዊ ወይም ሜዳ መሰል ይባላል። ወፍራሙንና ቀጭኑን ከፍ አድርጎ መካከለኛውን ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ ሥዕሉ ሲነሣ ሁለት ተራራና አንድ ሸለቆ ስለሚመስል ሸለቆ መሰል ብንለው ይስማማዋል። ባሱ ብቻ የገነነበት አለ፤ ቀጭኑ ብቻ የሾለበትም አለ።

በሱቅ ውስጥ ቶሎ የሚሸጠው ሸለቆ መሰሉ ነው። ገዢው በጆሮው ባደረገው በመጀመሪያው ደቂቃ ከበሮው ደረቱን ይመታዋል፥ ጸናጽሉ ያበራለታል፤ ደስ ብሎትም ይከፍላል። ወደ ቤቱ ገብቶ ዜና ወይም ስብከት ወይም የትምህርት ንግግር ለሁለት ሰዓት ያህል ሲያዳምጥበት ግን ተናጋሪው ከግድግዳ በስተጀርባ የቆመ ይመስለዋል፤ የ“ስ” ፉጨትም ጆሮውን ይወጋዋል። ይህ ማለት ሸለቆ መሰሉ ማዳመጫ የማይሸጥ ነው ማለት አይደለም። ዘመናዊ የጭፈራ ሙዚቃ ለሚወድ ወጣት ተስማሚው እርሱ ነው። ባሱ የገነነውም ቢሆን የራሱ ቦታ አለው፤ በአውቶቡስ ውስጥ የሞተሩ ጕርምርምታ የዘፈኑን ወፍራም ድምፅ ስለሚሸፍነው፥ በጸጥታ ቤት ውስጥ የበዛ የሚመስለው ባስ በመንገድ ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል። ሸማቹ የሚያዳምጠውን ነገር ብቻ ሳይሆን የሚያዳምጥበትንም ቦታ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚወደው የትኛውን ነው? በሐርማን ኩባንያ ሾን ኦሊቭ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አድማጮችን በመፈተን ይህን ነገር መርምረውታል። ያገኙትም፥ አብዛኞቹ አድማጮች የመረጡት በመልካም ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መልካም ድምፅ ማጉያ የሚያሰማውን የሚመስል ድምፅ መሆኑን ነው፤ ወጣቶችና ጆሯቸው በልምምድ ያልሠለጠነ ደግሞ ባሱ በመጠኑ ከፍ እንዲል ይሻሉ። ለባለሱቅ ይህ ጠቃሚ ዜና ነው። ጠባዩን ለማያውቀው ደንበኛ በመጀመሪያ የሚቀርበው ባሱ በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለ ሚዛናዊ ማዳመጫ ቢሆን ከመሳሳት ያድናል።

አስመጪው ከፋብሪካው የድምፅ ሥዕል በተላከለት ጊዜ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ቀጥ ያለ መስመር ማየት የጥሩ ዕቃ ምልክት ይመስለዋል፤ አይደለም። የጆሮ ቀዳዳ እንደ ዋሽንት ቱቦ ሆኖ በ3,000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጐላዋል። ማዳመጫ ይህን ተፈጥሯዊ ሁኔታ ስለሚለውጠው ሠሪዎቹ በዚያ ቦታ ድምፁን ከፍ አድርገው መሥራት ግድ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ በ3,000 አካባቢ ጉብታ ቢታይ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ባይኖር ድምፁ የታፈነ ይሆናል።

ነገር ግን ከሥዕል ሁሉ ጆሮ ይበልጣል፤ ለጆሮም መፈተኛ ያስፈልገዋል። እኔ በሱቄ የማሰማው በመጀመሪያ በገና ነው። ዐሥሩ የበገና አውታሮች ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ነገር ግን በአውታሩና በመወጠሪያው መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባለው ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ድምፁን እየነዘረ ያን የታወቀውን የሚያንዣብብ ዜማ ያወጣዋል። ይህ ንዝረት ከወፍራሙ አልፎ ወደ መካከለኛውና ወደ ቀጭኑ ይዘልቃል። በመጥፎ ማዳመጫ በገናው ወይ እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል፥ ወይም ንዝረቱ ብቻ ቀርቶ እንደ ዝንብ ይሆናል። በመልካሙ ግን አውታሩም እንዚራውም በአንድነት ይሰማሉ፤ የደርዳሪውም ድምፅ በመካከላቸው ሳይደፈጠጥ ይቆማል። ከበገናው በኋላ የሴት ድምፅ ያለበት ዘፈንና ግልጽ የሆነ የራዲዮ ንግግር አሰማለሁ። በንግግሩ ውስጥ የ“ስ”፥ የ“ሽ” እና የ“ጽ” ፊደላት ከሌሎቹ ተለይተው የሚወጉ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ሾሏል ማለት ነው።

በዚህ ፈተና ጊዜ አንድ ወጥመድ አለ። የሰው ጆሮ ከሁለት ድምፆች ጥቂት ከፍ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሁለት ማዳመጫዎችን ሲያወዳድሩ አንዱ በተፈጥሮው ድምፁ ከፍ ያለ ከሆነ ያለ ብቃቱ ያሸንፋል። ስለዚህ የንግግሩ ድምፅ በሁለቱም እኩል ሆኖ እስኪሰማ ድረስ የስልኩን ድምፅ አስተካክሎ ከዚያ በኋላ ብቻ መፍረድ ይገባል።

ስለ ኦም መጠን ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለእጅ ስልክ የሚሆነው ከ16 እስከ 32 ኦም አካባቢ ያለው ባለ ገመድ ነው። 250 ወይም 300 ኦም የተጻፈበት ለስቱዲዮና ልዩ ማጉያ ላለው ሰው ስለ ሆነ በስልክ ላይ ድምፁ ደካማ ይሆናል፤ ይህን ሳይነግሩ መሸጥ ተመላሽ መጋበዝ ነው። የገመድ አልባው ዓይነት ማጉያውን በውስጡ ስለሚይዝ ይህ ጥያቄ አይነሣበትም።

ጫጫታን ስለ መከላከል

በካርቶን ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጆሮን በአካል ዘግቶ ጫጫታን ማገድ ነው። ሁለተኛው ጫጫታን በኤሌክትሪክ ኀይል በተቃራኒ ድምፅ መሻር ነው፤ በገበያው ኤኤንሲ ይባላል። ሦስተኛው እኔን ያሳሳተኝ የማይክሮፎኑ ማጣሪያ ነው፤ እርሱም ኢኤንሲ ይባላል። የኋለኞቹን ሁለቱን በፈረንጅ ፊደል የሚለያቸው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። በአንድ ፊደል ምክንያት የአንድ ካርቶን ዕቃ ገንዘብ ይታሰራል።

በአካል ማገድ ከግንብ ሥራ አይለይም፤ ቀዳዳ ካለው ግንቡ አይረባም። ጆሮን በሙሉ የሚከድነው ትልቁ ዓይነትና ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ባለ ሲሊኮኑ ትንሽ ዓይነት በደንብ ከተገጠሙ መልካም አጋጆች ናቸው። በጆሮ ላይ የሚያርፈው መካከለኛው ዓይነትና ከጆሮ ደጃፍ ላይ ብቻ የሚንጠለጠለው ጠጣሩ ፕላስቲክ ግን እምብዛም አያግዱም። ከትልልቆቹም መካከል ጀርባቸው ክፍት የሆነ አለ፤ የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ኤችዲ 414 የተባለውን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ ዓይነት ብዙ ወዳጆች አፍርቷል። ድምፁ ሰፊና አየር ያለው ነው፤ ነገር ግን የውጩ ወደ ውስጥ፥ የውስጡም ወደ ውጭ ስለሚያልፍ ለጸጥተኛ ቤት እንጂ ለአውቶቡስና ለቤተ መጻሕፍት አይሆንም። አንድ ሰው ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ ያግዳል ብሎ ሲገዛው ዝም ብሎ ማየት ተገቢ አይደለም።

በዚህ ነጥብ ላይ የአገራችን ባለሱቅ ከፋብሪካው መሐንዲስ የበለጠ የሚያውቀው ነገር አለ። ሹሩባ የተሠራች ሴት ትልቁን ማዳመጫ ስታደርግ ጕንጕኑ ከትራሱ ሥር ገብቶ ቀዳዳ ይከፍታል። ሻሽ ያሰረችውም፥ መነጽር ያደረገውም እንዲሁ ነው። በዚያ ቀዳዳ ጫጫታው ይገባል፤ ከዚያም የበለጠ ባሱ ያፈተልካል። ደንበኛዋ “ድምፁ ቀጭን ነው፥ አልወደድሁትም” ብትል ጥፋቱ የዕቃው ላይሆን ይችላል። ትራሱ ለስላሳና ወፍራም የሆነውን ማስሞከር፥ ወይም ወደ ጆሮ የሚገባውን ዓይነት ማሳየት ነው። ወደ ጆሮ የሚገባው ደግሞ ልኩ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከትንሽ፥ ከመካከለኛና ከትልቅ ጫፎች ጋራ ይመጣል፤ አብዛኛው ገዢ ግን ከፋብሪካው እንደ ተገጠመ ያደርገዋል። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ ልዩ ልዩ ልክ ሊሻ ይችላል። ጫፉን በመለወጥ ብቻ “ባስ የለውም” የተባለ ዕቃ ባሱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በተቃራኒ ድምፅ የመሻሩ ጥበብ መነሻው ሩቅ ነው። ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ ለዚህ አሳብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበት ነበር፤ ነገር ግን በዘመኑ የነበረው መሣሪያ ሊፈጽምለት አልቻለም። በ1978 ዓ.ም. አማር ቦዝ የተባለው የአሜሪካ ፕሮፌሰር ከዙሪክ ወደ ቦስተን በአይሮፕላን ሲጓዝ በተሰጠው ማዳመጫ ሙዚቃውን ከሞተሩ ድምፅ መለየት ስላቃተው በዚያው በረራ ላይ ስሌቱን ጀመረ ይባላል። ኩባንያው በ1989 ዓ.ም. ለአብራሪዎች፥ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ለመንገደኞች የሚሆነውን ሸጠ። አሠራሩም እንዲህ ነው። በማዳመጫው ላይ ያለው ትንሽ ማይክሮፎን የመጣውን ጫጫታ ይቀበላል፤ መሣሪያውም የጫጫታው ሞገድ ሲነሣ የሚወድቅ፥ ሲወድቅ የሚነሣ ሌላ ሞገድ ያወጣል፤ ሁለቱም ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ።

ይህ መሣሪያ የሚያሸንፈው ዝግ ያለውንና የማይቋረጠውን ጫጫታ ነው፤ ከ1,000 ሄርዝ በላይ ሲሄድ ኀይሉ ይደክማል። የአይሮፕላን ሞተር፥ የአውቶቡስ ጕርምርምታ፥ የቬንቲላተር ሽውታ ለእርሱ የተፈጠሩ ናቸው። መብራት በጠፋ ጊዜ በየሱቁ ደጃፍ የሚነሣው ትንሹ ጄኔራተርም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ማለት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚዞር ጕርምርምታው በአብዛኛው በወፍራሙ ክፍል ይወድቃል። የመርካቶን የዋጋ ክርክር፥ የሕፃን ለቅሶ፥ የመኪና ጥሩምባ ግን በድንገት የሚነሡና ወደ ላይ የወጡ ድምፆች ስለ ሆኑ መሣሪያው እምብዛም አይደርስባቸውም። እነዚህን የሚያግደው ያ አስቀድሞ የተናገርነው የአካል ግንብ ነው። የሰው ወሬ እንዳይሰማ የሚሻ የቢሮ ሠራተኛ ውድ የሆነውን ኤኤንሲ ገዝቶ “አሁንም ይሰማኛል” ቢል ሊያስደንቀን አይገባም። ጫፉ በደንብ የገጠመ ርካሽ ማዳመጫ ለእርሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በአንድነት የያዘ ዕቃ ግን ለብዙ ዓይነት ጫጫታ ይሆናል፤ ዋጋውንም ያወጣል።

አንድ ዕቃ እውነተኛ ኤኤንሲ መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ሙዚቃ ሳይከፍቱ ማዳመጫውን በጆሮ አድርጎ ከሚሠራ ቬንቲላተር ወይም ጄኔራተር አጠገብ መቆምና ማብሪያውን መክፈትና መዝጋት ነው። ጕርምርምታው ሲከፈት ዝቅ፥ ሲዘጋ ከፍ ካላለ ካርቶኑ የሚናገረው ስለ ማይክሮፎን ነው። ይህን ፈተና ለመፈጸም አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ሦስት መቶ ፍሬ ከማዘዜ በፊት ይህን አንድ ደቂቃ አልሰጠሁትም።

ጫጫታን መከላከል ለምቾት ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በአውቶቡስ ውስጥ ያለው ጫጫታ 80 ዴሲቤል ነው እንበል። ጆሮው ያልታገደለት መንገደኛ ዘፈኑ ከጫጫታው በልጦ እንዲሰማው ድምፁን ወደ 89 ወይም ወደ 92 ያወጣዋል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ ለጐልማሳ የተወሰነው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፥ በ86 ዴሲቤል 10፥ በ89 ዴሲቤል 5፥ በ92 ዴሲቤል ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል። በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚጓዝ ሠራተኛ ይህን በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ጫጫታውን በ20 ዴሲቤል የሚቀንስለት ማዳመጫ ያገኘ እንደ ሆነ ግን ዘፈኑን በ70 ዴሲቤል አካባቢ አድርጎ በደስታ ይሰማዋል። የጠፋ የመስማት ኀይል ተመልሶ የሚገዛበት ሱቅ የለም፤ ደንበኛው ይህን ሲረዳ ስለ ዋጋ የሚያነሣው ክርክር ይለዝባል።

ከዚህ በተቃራኒ የጆሮ መዘጋት የሚጎዳው ደንበኛም አለ። በሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ወይም በመንገድ ዳር የሚሮጥ ሰው የመኪና ጥሩምባ መስማት አለበት። ለእንዲህ ያለው ሰው ከጆሮ ደጃፍ የሚንጠለጠለውን ወይም ጆሮን ክፍት የሚተወውን ዓይነት ማቅረብ፥ ሲያሽከረክርም ጨርሶ እንዳያደርግ መንገር የሻጭ ግዴታ ይመስለኛል።

ለአስመጪው ጥቂት ቃል

ፕሮፎርማ ሲጠየቅ “ጫጫታን የሚያጠፋ” የሚለውን ቃል መቀበል አይገባም። በአካል የሚያግደው ስንት ዴሲቤል ነው? በኤሌክትሪክ የሚሽረው ስንት ነው? በየትኞቹ ሄርዞች ላይ ተለክቶ? የማይክሮፎኑ ማጣሪያስ ከነዚህ የተለየ ነው ወይ? ብሎ በየነጠላው ማስጻፍ ነው። “እስከ 35 ዴሲቤል” የሚለው ቍጥር ብዙውን ጊዜ በአንድ በተመረጠ ሄርዝ ላይ የተገኘ ከፍተኛው ልክ እንጂ በጠቅላላው ወሰን ላይ የሚገኝ አይደለም፤ “እስከ” የምትለው ትንሽ ቃል ብዙ ትሸፍናለች። ቀጥሎም ናሙና አስመጥቶ በበገናውና በቬንቲላተሩ ከፈተኑ በኋላ አንዱን ናሙና አሽጎ ማስቀመጥ ይገባል። ጭነቱ በደረሰ ጊዜ ከልዩ ልዩ ካርቶኖች ጥቂት አውጥቶ ከታሸገው ናሙና ጋራ በጆሮ ማወዳደር ነው፤ ቅርጹና ቀለሙ ያው ሆኖ ድምፁ ተለውጦ የሚመጣበት ጊዜ አለና። ገመድ አልባዎቹ የሊቲየም ባትሪ ስለሚይዙ በአይሮፕላን ሲጫኑ በአደገኛ ዕቃ ደንብ ውስጥ ይገባሉ፤ በመሣሪያ ውስጥ ለተገጠመ የሊቲየም አዮን ባትሪ የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ቍጥር 3481 ነው፤ ላኪው የዩኤን 38.3 የፈተና ማጠቃለያውን አስቀድሞ እንዲልክ ካልተጠየቀ ጭነቱ በመንገድ ሊያዝ ይችላል።

መለዋወጫውንም አብሮ ማዘዝ አይረሳ። የሲሊኮን ጫፍ ይጠፋል፤ የትልቁም ማዳመጫ ሰው ሠራሽ ቆዳ ትራስ በላብና በጊዜ ይላላጣል። ትራሱ የተላላጠበት ደንበኛ ድምፁም ጫጫታ መከላከሉም ስለሚበላሽበት ዕቃው ያለቀ ይመስለዋል። ለእርሱ ትራሱን ብቻ የሚሸጥለት ባለሱቅ ቀጣዩን ማዳመጫ የሚገዛበትም እርሱ ነው። ለማስሞከሪያ የሚቀርበውን ጫፍ ግን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሳይጠርጉ ማሳለፍ ነውርም ጉዳትም ስላለው በአልኮል መጥረግ፥ ቢቻል ለየደንበኛው አዲስ ጫፍ ማድረግ ይገባል።

ለልጃቸው ሊገዙ የሚመጡ ወላጆችን በሚመለከት፥ ያው የ2019 ዓ.ም. መመሪያ ለልጆች ያስቀመጠው ልክ 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የልጆች ማዳመጫ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ድምፁን ይወስናል ማለት አይደለም፤ ከፊሉ ቀለሙና ሥዕሉ ብቻ የልጅ ነው። ስለዚህ የሚወስነው ስንት ዴሲቤል ላይ እንደ ሆነ በጽሑፍ ያልቀረበለትን ዕቃ ባለሱቁ በዚህ ስም ባይደረድረው ይሻላል።